አያ አለበል ያልተቀመጡበት እራት

ግንቦት 4፣ ፍኖተ ሰላም
ፈተና አርሜ ጨረስኩ። ለመንገድ ቆሎ ገዛሁ። ማምሻውን አያ አለበል ከጅጋ ደረሱ፣ ጋቢያቸውን በፌስታል ጠቅልለው። አባታችን ከሞተ ወዲህ እኔንና ወንድሜን አንዷለምን ያሳደጉን አጎታችን ናቸው። አንዷለም እንግሊዝ አገር፣ ባዝ የምትባል ከተማ፣ ሆቴል ያበስላል። ሎራ የምትባል የዚያው አገር ልጅ ወዷል። ትኬቱን ሲልክ "ከተማውን ላስጎብኛችሁ" ነበር ያለው። አያ አለበል ግን "የምሄደው ለሽምግልና ነው" ብለዋል። እኔ አስተርጓሚ።

ግንቦት 8፣ ባዝ
ማረፊያችን ደረጃው ጠባብ፣ አልጋው ሰው የሚውጥ። አያ አለበል ምንጣፉ ላይ አደሩ። የከተማው ድንጋይ ሁሉ ማር የተቀባ ይመስላል። አንዷለም ጥንት ሮማውያን ያነጹትን ፍል ውሃ አሳየን። አረንጓዴ፣ እንፋሎቱ የሚትጎለጎል። አያ አለበል ጋቢያቸውን አጣፍተው አማተቡ።
"የማን ጠበል ነው ልጄ?"
"የጣዖት ቤት ነበር አሉ፣ አያ።"
"አንተ ከይሲ! ሳላማትብ አትነግረኝም?"
ሳቅን። ከዚያ አንዷለም ወደ ጎን ሳበኝ። ነገ እራት የሎራ ወላጆች ቤት ነው። "አያ ካልመረቁኝ አላገባም። እሷን ካጣሁ ደግሞ..."

ግንቦት 9
ምን ዓይነት እራት ነው!
ሽማግሌ "ልጅዎን ለልጃችን" ብሎ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም፣ እህል አይቀምስም። ወጉ ነው። አያ አለበል በሩ ሥር ቆሙ። የበጉ ጥብስ ቤቱን አውዶታል። የሎራ እናት "ጾም ነው እንዴ?" አለችኝ። በበዓለ ሃምሳ ምን ጾም አለ! የአያ አለበልን የጋብቻ ጥያቄ ተረጎምኩ። አባትየው ሮጀር ፈገግ ብሎ ወዲያው "ሰጥቻለሁ፣ በደስታ! አሁን እንብላ፣ ይቀዘቅዛል" አለ።
እፎይ ልል ነበር...
"ምን አሉሽ?"
"ሰጥቻለሁ አሉ።"
"በአንድ ቃል? ጥጃ እንኳ በአንድ ቃል አይሸጥም! ልጂቱ ምን ነውር ቢኖርባት ነው?"
ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ። ሎራ አለቀሰች።

ግንቦት 10
ጠዋት ብቻዬን ሮጀር ዘንድ። "እባክዎ፣ እምቢ ይበሉ!" አልኩት። ያበድኩ ሳይመስለው አልቀረም። አስረዳሁት... እኛ አገር ሽማግሌ ይመላለሳል። ልጁን የሚወድ አባት "እንምከርበት፣ ሌላ ቀን ኑ" ይላል። እንደ ምንም ተስማማ።
አያ አለበል በስንት ልመና ተመለሱ። ሮጀር ኮስተር ብሎ "እናስብበት፣ ሐሙስ ይምጡ" አለ።
ስንወጣ ፊታቸው በርቷል። "አሁን ገና ልጅ ያለው ሰው አገኘሁ!"

ግንቦት 13
ሎራ ደወለች። አባቷ እንቅልፍ አጥቷል። እሷና አንዷለም ከሠርጉ በኋላ ቡሬ ገብተው የእንግዳ ማረፊያ ሊከፍቱ መሆናቸውን ያውቅ ነበር፣ ግን ልብ አላለውም ኖሯል። "አስብ አሉኝ፣ አሰብኩ" አላት። አሁን የምሩን እምቢ ሊል ነው! አስብ ያልኩት ደግሞ እኔ። ምን ቀባጠርኩ...

ግንቦት 14
ዛሬ ሮጀር አልሳቀም።
"ብትታመምስ? ቢጣሉስ? እዚያ ማን አላት?" አለ። አንድ ቃል ሳልቀንስ ተረጎምኩ። አንዷለምና ሎራ ከጓዳ ይሰማሉ።
አያ አለበል ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደ እኔ ዞሩ።
"ንገሪያቸው። ዋሷ እኔ ነኝ። ብትታመም አስታማሚዋ፣ ቢበድላት ከሳሹ እኔ። የእሱ ወገንነቴ እዚህ በር ላይ አበቃ።"
ሮጀር "ያሳደጉት ልጅ አይደለም?" አለ።
"ለዚያ እኮ ነው። አመሉን አውቀዋለሁ።"
ሮጀር ወደ ጓዳው በር አየ። ሳቅና ለቅሶ ተቀላቀለበት። "እንግዲያው... ሰጥቻለሁ።"
አያ አለበል ወንበር ሳቡ። "በሉ፣ የታለ ያ በግ?" በግ የለም፣ የቀዘቀዘ ዓሣ ነው ያለው። ጥርግ አድርገው በሉት!

ጥቅምት 20፣ ፍኖተ ሰላም
አንዷለም ከቡሬ ደወለ፣ ተበሳጭቶ። ጠዋት በማረፊያው ክፍሎች ቀለም ከሎራ ጋር ተጣሉ። እሷ ስልኳን አንስታ በዚያች በተሰባበረች አማርኛዋ "አያ፣ ቶሎ ና!" ብላለች። አያ አለበል ከጅጋ በሚኒባስ ከች።
"'ምን አደረግሃት?' አሉኝ። እኔንስ አይጠይቁኝም ወይ ስላቸው፣ 'አንተ ሌላ ዋስ ፈልግ' ብለው አብረዋት ቀለም ሊመርጡ ሄዱ። አንቺ እንኳ ከእኔ ወግኚ እንጂ፣ እህቴ!"
ላጽናናው አፌን ከፈትኩ።
"እሷ የትኛውን ቀለም ነው ያለችው?" አልኩት።