ዓርብ ማሊያውን ከመልበስህ በፊት

ለምወድህ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ ተሻለህ? ለሆኪ ብለህ ስትሄድ ያስጠጉህ ሰዎች ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን። አባዬ ዘንድሮም ጓሮውን ውሃ እያጠጣ በረዶ ሜዳ አድርጎታል። አንተ ስለሌለህ ጠዋት ጠዋት እኔን ጎል ላይ አቁሞ ኳሱን ይመታብኛል።

ፊት ለፊት ብትሆን የማልደፍረውን ልንገርህ።

ቅዳሜ አክስታችን ማርሊስ ድንበር ማዶ ወስዳኝ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ቡድን የበረዶ ሆኪ ሲጫወት አየሁ። ከዚያ ወዲህ ዓይኔን ስጨፍን እሱ ነው የሚታየኝ። ተጫዋቾቹ እንደናንተ ልጆች አይደሉም፤ ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት ዓመት የሞላቸው ሰዎች ናቸው። ሲጋጩ ወንበሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ ይጫወታሉ፤ በቀረው ቀን ይማራሉ፣ ብረት ያነሳሉ። አንዱ ሲወጣ በተከፈተው ቦርሳው ውስጥ፣ ከእርጥብ ጫማው ጎን፣ ወፍራም የሕክምና መጽሐፍ አየሁ። መጽሐፉ እንዳይርስ በፎጣ ጠቅልሎታል።

ይህን ለአባዬ ብነግረው ሳቀብኝ። ወደ ትልቁ ሊግ የሚያደርሰው የጁኒየሩ፣ የወጣቶቹ ቡድን፣ አውቶቡስ ነው፣ መጽሐፍ ጎል አያገባም አለኝ። አክስታችን ሰምታ፣ "አንተንስ አውቶቡሱ የት አደረሰህ? ዛሬ የምትሠራበት እህል ጎተራ በር ላይ ጥሎህ ሄደ" አለችው። በጨዋታ የተሰበረ ጉልበቱን ሲያሽ አየሁትና አዘንኩለት።

አሁን ጥፋቴን ስማ። ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ላንተ ደብዳቤ ከመጣ ሦስት ሳምንት ሆነው። አባዬ መኪናው ውስጥ ሸሸገው። እኔ አይቼ ዝም አልኩ፤ ድንበር ከተሻገርክ የምትረሳን መስሎኝ ነው።

ዓርብ ትልቁ የጁኒየር ቡድን በተጎዳ ልጅ ምትክ እንደሚያሰልፍህ ሰማሁ። አባዬ አንድ ጨዋታ አይቆጠርም ብሎሃል። እኔም አምኜው ነበር። ቅዳሜ ግን የዩኒቨርሲቲውን የሴቶች ቡድን አሰልጣኝ በር ላይ አግኝቼ ጠየቅኳት። ይቆጠራል። ያ ቡድን ለልጆቹ ስለሚከፍል፣ ያንን ማሊያ አንዴ ለብሰህ ከተጫወትክ እንደ ተከፋይ ተጫዋች ትቆጠራለህ፤ ዩኒቨርሲቲው አይቀበልህም።

ሴትዮዋ እጄን አየችው። አባዬ የመታው ኳስ ያበለዘውን። "ወንዶቹ ሁለት መንገድ አላቸው፤ ይመርጣሉ። ለሴት ልጅ ግን ያለው ይሄ የትምህርቱ መንገድ ብቻ ነው" አለችኝ። ከዚያ ስንተኛ ክፍል እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ትምህርት እንዳቋረጥኩ ለመናገር አፈርኩ።

ስልኩ አባዬ ወንበር አጠገብ ስለሆነ፣ ይህን የምልክልህ እህል ጭኖ ወደናንተ በሚመጣው በጋሽ ኦረስት እጅ ነው። የተሸሸገውም ደብዳቤ አብሮ አለ። የቱን እንደምትመርጥ አልነግርህም፤ ግን ሁለቱንም አይተህ ምረጥ። አባዬንም አትቆጣው። አሁን እንኳ በረዶው እንዲለሰልስ ለጓሮው ውሃ እያሞቀ ነው።

የአሥረኛ ክፍል ሂሳብ መጽሐፍህን አልጋህ ሥር አገኘሁት። ስምህን አልፋቅኩትም፤ ከሥሩ የኔን ጻፍኩበት። በፎጣም ጠቅልዬዋለሁ።

እግርህን ከስብራት፣ ልብህን ከጸጸት ይጠብቅልኝ።

ባንተ ምትክ ጎል ላይ የቆመችው እህትህ