ከእሑድ በኋላ የሠሩት ሥራ

ውድ ሞሞ ኢኖኬ፣

ባለፈው ረቡዕ ባለቤትዎ ሚሊያኬሬ ቢሮዬ መጥተው ነበር። ለምን እንደመጡ ከመንገሬ በፊት ግን እርስዎ ከሄዱ ወዲህ ፋብሪካው ውስጥ የሆነውን ልንገርዎት። ከሱም በፊት፣ እዚሁ ሳሉ ልነግርዎት ሲገባኝ የዋጥኩትን ነገር።

በሥጋ አጎቴ አይደሉም። እናቴ ከእርስዎ መንደር በመሆኗ ብቻ፣ በተቀጠርኩበት ቀን እጄን ይዘው ግምጃ ቤቱን እያዞሩ ካሳዩኝ በኋላ፣ "ከእንግዲህ ሞሞ በይኝ፤ የእናትሽ ወንድም ነኝ" አሉኝ። አሥራ አንድ ዓመት እንደዚያው ጠራሁዎት። እርስዎም እንደ አጎት ተቆጡኝ፣ እንደ አጎት ካሳቫ ከነኮኮናቱ ጠቅልለው አመጡልኝ።

መረቡ የምንለው የኮምፒውተር ሥርዓት ከመምጣቱ በፊት የዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካችን ምን ይመስል እንደነበር ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ጀልባ ስንት ቶን ቱና ዓሣ እንዳራገፈ የሚያውቀው የሚዛኑ ሰው ነው። ስንት ባዶ ቆርቆሮ እንደቀረ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ማን እንደቀረና ማን እንደገባ ሰው ኃይል ክፍል ያውቃል፤ ስንት ሰው እንደሚበላ ወጥ ቤት በግምት ይደርስበታል። ዓሣው ሲመጣ ዘይቱ ያልቃል፤ ዘይቱ ሲመጣ ሴቶቹ ዕረፍት ወጥተዋል። የሁሉንም ጓዳ የሚያውቁት አንድ ሰው ቢኖሩ እርስዎ ነበሩ፣ እሱም በዕቃ መቆጣጠሪያ ካርድዎ ላይ ሳይሆን በራስዎ ውስጥ።

ዋና ከተማ ሱቫ ሠልጥኜ የመጣሁት ያን ሁሉ አንድ ላይ ላስር ነው። ትክክለኛ ስሙ ረጅም ስለሆነ ሴቶቹ "መረቡ" አሉት፤ በዚያው ቀረ። ሃያ ቶን ሚዛን ላይ ሲወጣ፣ ማንም ለማንም ሳይደውል፣ የሚያስፈልገው ቆርቆሮ ከግምጃ ቤት ይቆረጣል፣ የጎደለው ከሱቫ ይታዘዛል፣ የሴቶቹ ፈረቃ ይወጣል፣ የምሳው ቁጥር ወጥ ቤት ይደርሳል፣ የእንፋሎት ማብሰያዎቹ ስንቴ እንደሚሠሩ ይመዘገባል። አንዱን ክር ሲነኩት ሌላው ዳር ይንቀሳቀሳል።

ክሮቹን ለማሰር ግን የእርስዎ ራስ ያስፈልገኝ ነበር። አምስት ወር አጠገብዎ ተቀምጬ ጠየቅኩዎት። የቱ ዕቃ ስንት ቀን ይቆያል? የቱ በዝናብ ወራት ቶሎ ያልቃል? አንድ ቀን መነጽርዎን አውልቀው፣ "አካኒሲ፣ ሁሉን ካራገፍኩልሽ እኔ ምን ይዤ እገባለሁ?" አሉኝ። ሳቅኩ። "ሞሞ ደግሞ፤ ያለ እርስዎማ ይህ ነገር አይሠራም" አልኩዎት። ያን ጊዜ እውነት ነበር የመሰለኝ።

ማርች 14፣ ሐሙስ ጠዋት፣ የመጪውን ዓመት የሰው ኃይል ዕቅድ ስከፍት የግምጃ ቤት ኃላፊ የሚለው ቦታ የለም። ማንም አልሰረዘውም ማለት ይቻላል። ሥራ አስኪያጁ ወጪ ቀንሱ ብሎ አንድ ቁልፍ ነካ፤ መረቡም የእርስዎን ሥራ አንድ በአንድ ቆጥሮ ሁሉንም ራሱ እንደሚሠራው አገኘ። የሠላሳ ሁለት ዓመት ሥራዎ ባዶ መስመር ሆኖ ተቀምጧል።

በማግስቱ በመስኮቴ በኩል ብቅ አሉ።

"ምን ሆነሻል? የታመመች ዶሮ መስለሻል" አሉኝ።

"ራሴን አሞኝ ነው፣ ሞሞ።"

"ውኃ ጠጪ። ቀኑን ሙሉ እዚያ ሣጥን ላይ አፍጥጠሽ ራስሽ ባይታመም ነው የሚገርመኝ።"

ሄዱ። ተከትዬ ልውጣ ብዬ ተነሥቼ መልሼ ተቀመጥኩ። ሰኞ እነግራቸዋለሁ፣ ሰንበትን በሰላም ይዋሉ አልኩ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ቀርተው የማያውቁት ሰው፣ ያን እሑድ ማለዳ ብቻዎን ጀልባዎን ይዘው ወጡ። ማክሰኞ ጀልባዋ ከባሕሩ የኮራል አለት ባሻገር ተገልብጣ ተገኘች። እርስዎ አልተገኙም።

አስከሬን ከሌለ የሞት ወረቀት የለም፤ ወረቀት ከሌለ ደግሞ መረቡ ሰው እንደሞተ አያምንም። ሥራ አስኪያጁ ደመወዝዎን በእጁ አገደ እንጂ ሌላውን ነገር መንካት አልተቻለም። ስለዚህ በየማለዳው የፈረቃውን ዝርዝር ስከፍት "ኢኖኬ ናቡካ፦ ገብቷል" ይላል። የመጀመሪያውን ቀን ማያ ገጹን በእጅጌዬ ጠረግኩት። ሱቫ ደወልኩ። የመረቡ ባለሙያ፣ "ቀረ ብሎ የመዘገበ ሰው ከሌለ እንደገባ ይቆጥረዋል፤ እንዲህ ነው የተሠራው" አለኝ።

"ታዲያ ቀረ ብዬ ልመዝግበው?"

"ለቀሪ ምክንያት ይጠይቅሻል። ሕመም ነው? ዕረፍት ነው? የማታውቂውን አትሙዪበት፤ ፍርድ ቤት እስኪወስን ተዪው።"

ተውኩት። ማስረዳቱ ቀላል ነው፤ ምክንያቱን እያወቁ ማለዳ ማለዳ ማንበቡ ግን ሌላ ነው። የምሳው ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ይመጣል፤ የሚበላው ሁለት መቶ አሥራ ሁለት። የወጥ ቤቷ ቶሪካ ትርፉን ሳህን ሁለት ቀን ለድመት ሰጠችው። በሦስተኛው ቀን ድመቷ አሽትታው ሄደች አለች፤ ከዚያ ወዲህ እርስዎ በሚቀመጡበት ጥግ ከድናው ታስቀምጥ ጀመር። "ሞሞ ዛሬም ገብቷል?" ይሉኛል ሴቶቹ በር ላይ ሲያገኙኝ፣ መጀመሪያ እየሳቁ፣ ኋላ ሳይስቁ። ኤፕሪል ላይ የስድስት ወር የጎማ ጫማ ከሱቫ ሲመጣ ቁጥር አርባ ስድስት አብሮ መጣ፤ ካርቶኑ ላይ ስምዎ ታትሟል። ያመጣው ልጅ ግምጃ ቤቱ በር ላይ አስቀምጦት ሮጠ። ከዚያ ቦታ የነካው የለም። ሴቶቹም ዕቃ ለማውጣት ሁለት ሁለት ሆነው ካልሆነ አይገቡም።

ከዚያ ሜይ 16 መጣ።

ያው ሐሙስ ዕቃ ከሱቫ የሚመጣበት የመርከብ ቀን ነው። መካኒኩ ሙኔሽ ክብ ሣጥን በብብቱ ይዞ፣ ወረቀቱን በሁለት ጣቱ እንደ ሞተ አይጥ አንጠልጥሎ ገባ።

"አንቺ፣ ይህን ማነው ያዘዘው?"

"ምንድነው እሱ?"

"የማብሰያ በር ጎማ። ለቁጥር ሦስት። ቁጥር ሦስት እኮ እስከ ሴፕቴምበር ተራው አይደርስም።"

ወረቀቱን ተቀበልኩት። ያዘዘው፦ ኢኖኬ ናቡካ። ያጸደቀው፦ ኢኖኬ ናቡካ። ቀኑ ሜይ 14፣ ማክሰኞ። ከዚያ እሑድ ስምንት ሳምንት ከሁለት ቀን በኋላ።

"ሽማግሌው እዚያም ሄዶ አላርፍ አለ ማለት ነው" አለ ሙኔሽ። ለቀልድ ነበር፤ ድምፁ ግን አልታዘዘለትም። "እመልሰዋለሁ። አለቃውም መልሰው ብሎኛል። ዓሣ እንዲህ ተከምሮ በሩን ለዚህ አንከፍትም።"

እውነት ነው፤ እንደዚያ ሰሞን ዓሣ በዝቶ አያውቅም። ማብሰያዎቹ ሳይበርዱ ይሞላሉ። እኔ ግን ያን ስም እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም። አንድ ጊዜ ዝም ብያለሁ።

"ለምሳ ሲወጡ ክፈተው" አልኩት። "ደኅና ከሆነ በእኔ ስም ጻፈው፤ እኔ ልወቀስ።"

"ሴትዮ፣ ሙት አዘዘ ተብሎ ማሽን ይቆማል?"

"ክፈተው፣ ሙኔሽ። ለምኜሃለሁ።"

ከፈተው። በሩ ከላይ ደኅና ነበር። ሙኔሽ በታችኛው በኩል፣ ከዓይን በተሰወረው ወገን፣ የመፍቻውን ጫፍ ጎማው ላይ ጫን ሲያደርገው እንደ ደረቀ ቂጣ ተፈረካከሰ። አንድ ክንድ የሚሆነው ወገን ዱቄት ሆኗል። የቀረው እንደ ወረቀት የሳሳ ነው። ሙኔሽ እርጥቡ ወለል ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ በር ፊት ለፊት ሰባት ሴቶች ቆመው ነው የሚሠሩት፤ የቶሪካ ልጅ አንዷ ናት። ያ እንፋሎት ቢወጣ ምን እንደሚያደርግ እርስዎ አይተዋል፤ እኔም ያልፈለግኩትን ያህል ሰምቻለሁ።

"ዛሬ ከሰዓት ይፈነዳ ነበር" አለ ሙኔሽ። "ቢበዛ ነገ።"

ቢሮዬ ገብቼ በሩን ቆለፍኩና በስምዎ የተሠራውን ሁሉ ወደ ኋላ ማንበብ ጀመርኩ። መረቡ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደነካ ይጽፋል፤ አይረሳም።

ማርች 16፣ ቅዳሜ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከሰባት ደቂቃ፦ ኢኖኬ ናቡካ የመጪውን ዓመት የሰው ኃይል ዕቅድ ከፈተ። አሥራ ሦስት ደቂቃ ያህል ሌላ ምንም የለም። ባዶ መስመር እያዩ የተቀመጡት አሥራ ሦስት ደቂቃ ነው። እኔ ስንቴ እንደቆጠርኩት አልነግርዎትም።

ከዚያ መጻፍ ጀመሩ። ፋብሪካው ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል፤ እርስዎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ጽፈዋል። ለመረቡ የሰጡት አርባ አንድ ትእዛዝ። በአምስት ወር ያልነገሩኝን፣ ወይም እኔ ለመጠየቅ ያልበቃሁትን ሁሉ። ስለ ቁጥር ሦስት የጻፉት ይህ ነው፦ "በሩ በአንድ ወገን ትንሽ ጠማማ ስለሆነ ጎማውን ከታች ይበላዋል። የቀን መቁጠሪያ አትመኑ። ማብሰያው ሺህ ዘጠኝ መቶ ጊዜ ከሠራ አዲስ ይታዘዝ። እኔን ሳትጠይቁ።"

ገባኝ። ዓሣው በዝቶ ስለወረደ ማብሰያው ሺህ ዘጠኝ መቶውን በሜይ ጨረሰው። ሚዛኑ ለማብሰያው ነገረ፣ ማብሰያው ለግምጃ ቤቱ፣ ግምጃ ቤቱ ለግዢው፤ መጨረሻ ላይ ትእዛዙን የጻፉት እርስዎ ነዎትና ፊርማዎ ወጣ። ምሥጢር የለውም። እኔ ራሴ ያሰርኩት ክር ነው። ሥራዎን እንደወሰድንብዎት እያወቁ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው የቀረዎትን አራግፈው ነው የሄዱት። እሑድ ዓሣ ሊያጠምዱ ወጥተው ይሁን ላይመለሱ፣ አላውቅም። መረቡም አያውቅም። እኔ የማውቀው ሐሙስ አይቼ ዝም ማለቴን ነው።

በዚያው ሳምንት አርባ አንዱንም ትእዛዝ ወደ ራሴ ስም አዛወርኳቸው። ሥራ አስኪያጁ የጠፋ ሰው ፊርማ ማየት አልፈልግም ብሎ ነበር። ፊርማው ምን እንዳደረገ ስነግረው ግን የግምጃ ቤት ኃላፊን ቦታ ወደ ዕቅዱ መለሰ። ለእርስዎ የሚጠቅም ነገር ስላልሆነ ባልነግርዎት ይሻል ነበር ይሆናል።

አሁን ወደ ረቡዕ ልምጣ።

ሚሊያኬሬ የፍርድ ቤቱን ወረቀት በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው አመጡ። ስምንት ወር ፈጅቷል። ቁጭ ብለው፣ "አውጪልኝና ልየው" አሉ። ገጽዎን ከፍቼ ማያ ገጹን ወደሳቸው አዞርኩት። ስምዎን አነበቡ። ከሥሩ "በሥራ ላይ" ይላል። እሱንም ጮክ ብለው አነበቡት።

ያን ጊዜ የዋጥኩትን ነገርኳቸው። ሐሙስ ማየቴን፣ ዓርብ ራሴን አሞኛል ማለቴን፣ ቅዳሜ እርስዎ ምን እንደሠሩ። አላለቀሱም፣ አልተቆጡኝም። "እኔም ቅዳሜ ማታ ምን ሆነሃል አላልኩትም" አሉ። "ደክሞት ነው ብዬ።" ከዚያ፣ "በይ ዝጊው" አሉኝ።

መረቡ የመውጫ ምክንያት ጠየቀኝ፤ ሞት የሚለውን መረጥኩ። ቀን ጠየቀኝ። ወረቀቱ ላይ እንዳለው ማርች 17 ብዬ ጻፍኩ። አልተቀበለውም። ማያ ገጹ ላይ ቀይ ጽሑፍ መጣ፦ "የሞት ቀን ሠራተኛው ለመጨረሻ ጊዜ ከፈረመበት ቀን መቅደም አይችልም። የመጨረሻ ፊርማ፦ ሜይ 14።"

እንደገና ሞከርኩ። ያው ነው። ሱቫ ደወልኩ።

"ይቻላል" አለኝ ባለሙያው። "ግን ከዚያ እሑድ በኋላ በስሙ የተሠራውን መሰረዝ አለብሽ። ያንን የጎማ ትእዛዝ አጥፊውና ቀኑ ይገባልሻል። ፊርማው እንዳልነበረ ይሆናል።"

ስልኩን በእጄ ሸፍኜ ያለኝን፣ የጎማውንና በሩ ፊት የሚሠሩትን ሴቶች ነገር ለሚሊያኬሬ ነገርኳቸው። እሳቸው ቀዩ ጽሑፍ ላይ ጣታቸውን አደረጉ።

"ሠርቶ ነበር?" አሉኝ። "በዚያ ቀን?"

"ሠርተው ነበር።"

"ሰዎቹስ ተረፉ?"

"ሰባቱም።"

"እንግዲያው አትሰርዢበት። የሱን ቀን ጻፊ።"

ሜይ 14 ብዬ ጻፍኩ። ያለ አንዳች ጥያቄ ተቀበለው። ፍርድ ቤቱ ዘንድ ማርች ላይ ነው ያረፉት፤ እኛ ፋብሪካ ውስጥ ግን ሜይ ላይ።

ሚሊያኬሬ ወረቀታቸውን መልሰው ጠቀለሉ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር ሳይሉ፣ "እነዚያን ስምንት ሳምንታት በየማታው የሁለት ሰው ራት ነበር የምሠራው" አሉኝ። "እኅቶቼ አበደች ብለው ቄስ ጠርተውብኛል። ሜይ ውስጥ አንድ ማክሰኞ ማታ ግን፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቀው፣ የአንድ ሰው አደረግኩት።"

ሞሞ፣ ያን ሐሙስ ያላልኩትን ይኸው አልኩ። ውኃውን እየጠጣሁ ነው።

የእኅትዎ ልጅ፣
አካኒሲ