ሰባተኛው ደረጃ

የካቲት 4

ጥሩ እንቅልፍ። ጉልበቴም ዛሬ አልተቆጣም። ዳቦው ደርቆ ሻይ ውስጥ ነክሬ በላሁት... ማን ያየኛል?

የዛሬ ጉድለት፦ የላይኛው ቤት ቧንቧ ይንጠባጠባል። የበረንዳው አምፖል ተቃጥሏል። የውጪው ደረጃ፣ ከታች ሲቆጠር ሰባተኛው ሳንቃ፣ በቀኝ በኩል ይነቃነቃል።

ልጄ ይህን ደብተር ስታይ ትስቃለች። "አባዬ፣ ቤቱን እኮ እንደ አውቶቡስ ነው የያዝከው!" ምን ላድርግ? ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት ሞተር ከማስነሳቴ በፊት አውቶቡሱን ዞሬ አይቼ፣ ጉድለቱን መዝገብ ላይ ጽፌ ነው የኖርኩት። ጡረታ ስወጣ መዝገቡን አስረከብኩ። ልማዱን የሚረከበኝ ግን አልተገኘም።

የካቲት 6

የቧንቧው ሠራተኛ "ነገ እመጣለሁ" አለ። የሱ ነገ መቼ እንደሆነ እሱም አያውቀው። አምፖሉን ራሴ ቀየርኩ።

ሰባተኛው ደረጃ ያው ነው። በግራ ጠርዙ ሲረገጥ ዝም ይላል። የኔ እግር ለምዶታል።

የካቲት 9

ላይኛውን ቤት ሳጸዳ ዋልኩ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ እኔ ታች ነኝ፤ ላይኛው ሐይቁን እያየ ማረፍ ለሚፈልግ እንግዳ ይከራያል። ልጄ ካለችበት ከተማ ሆና በኢንተርኔት ታስተዋውቃለች፣ እኔ አንሶላ አነጥፋለሁ። የሥራ ክፍፍል ይሉሃል ይሄ ነው። የአንሶላ ማዕዘን ማጠፍ አውቶቡስ ወደ ኋላ ነድቶ ከማቆም ይከብዳል።

ሰባተኛው ደረጃ፣ ምስማሩ ብቅ ብሏል። መዶሻው የት ገባ? ነገ።

የካቲት 10

እንግዳዋ መጣች። ልብስ ሰፊ ናት፣ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ። አንድ ሻንጣ፣ ሦስት መጽሐፍ። ገና በሩ ላይ ቆማ፦

"ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት? ብቻዬን ስጓዝ ይሄ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።"

ወዲያው ስልኳ ጮኸ። "እህቴ ናት። አለመሞቴን እያጣራች ነው።" አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ደግሞ ጮኸ። አሁን ባሏ። ቤት ውስጥ "ዝንጉዋ" ነው አሉ የሚሏት። ቁልፍ ትጥላለች፣ ድስት ጥዳ ትረሳለች... "መርፌ ግን ጥዬ አላውቅም" አለችኝ፣ ኮራ ብላ። ለዚህች ለስድስት ቀን ጉዞ ቤተሰቡን ሁለት ዓመት ተሟግታለች። ሁለት ዓመት!

ደረጃውን ልነግራት ነበር። ስለ ሐይቁ ጠየቀችኝ፣ ስለ ሐይቁ ማውራት ጀመርኩ። እኔ ደግሞ ወሬ ከጀመርኩ...

የካቲት 12

ወደቀች።

ከሐኪም ቤት አሁን መመለሴ ነው። 

ረፋዱ ላይ ነው። ሻይ በኩባያ ይዛ፣ መጽሐፏን ብብቷ ሥር ሸጉጣ እየወረደች ነበር። እኔ ጓሮ ልብስ አሰጣለሁ። ቀና ብዬ አየኋት፣ እጄን አነሳሁላት። ከዚያ ሳንቃው ቷ አለ። ከዚያ ኩባያው። ከዚያ እሷ።

ስደርስ መሬት ላይ ተቀምጣ ቀኝ እጇን ታቅፋለች። ፊቷ አመድ መስሏል። መጀመሪያ ከአፏ የወጣው ምን ቢሆን ጥሩ ነው?

"ይቅርታ ጋሼ፣ ኩባያዎን ሰበርኩት።"

ኩባያዬን!

በመኪናዬ ይዣት በረርኩ። የቀኝ እጅ አንጓ፣ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ጀሶ። ሐኪሙ ሥራዋን ጠየቃት። "ልብስ ሰፊ" አለች። ሐኪሙ ጀሶውን ደግሞ አየው። 

"የራሴው ጥፋት ነው፤ ዓይኔ መጽሐፉ ላይ ነበር" አለችው። መጽሐፉ እኮ ብብቷ ሥር ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ። ታዲያ ለምን አልተናገርኩም?

የካቲት 13

እህቷና ባሏ ሊወስዷት መጡ። እህትየው ከመኪናው ሳትወርድ ጀመረች። "አልነገርንሽም? ብቻሽን አትሂጂ አላልንሽም?" ባልየው ሻንጣውን አንስቶ "በቃ፣ ከእንግዲህ ያለ እኔ የትም የለም" አለ። ክፉ ሰው አይደለም። እንዲያውም የሚሳሳላት ይመስላል። እሷ መጽሐፎቿን በግራ እጇ ይዛ መኪናው ውስጥ ገባች።

እህትየው ወደኔ ዞራ፣ "ይቅርታ ያድርጉልን አባባ፣ አስቸገረችዎ" አለችኝ።

"ኧረ ምንም አይደል" አልኩ።

ምንም አይደል?! የኔ አፍ ነው እንዲህ ያለው?

ከሰዓት በኋላ መዶሻው ተገኘ። አልጋዬ ሥር። ሁለት ምስማር መታሁ። በሰዓት ለካሁት፣ አራት ደቂቃ ፈጀ።

የካቲት 17

ቤቱን ከምናስተዋውቅበት ድርጅት የአደጋ ቅጽ መጣ። አሥራ ሁለት ጥያቄ። ቅጽ መሙላት እወዳለሁ፣ አልዋሽም። ስም፣ አድራሻ፣ የደረጃው ብዛት፣ የዕለቱ አየር... ልክ እንደ ድሮዬ መነጽሬን አድርጌ ጉብ አልኩ።

ዘጠነኛው ጥያቄ፦ "ባለቤቱ ጉድለቱን ከአደጋው በፊት ያውቅ ነበር?" ሁለት ሳጥን። አዎ። አይ።

ሻይ አፈላሁ። ተመልሼ አሥረኛውን ሞላሁ። አሥራ አንደኛውን፣ አሥራ ሁለተኛውን። ዘጠነኛው ባዶውን ቀረ።

የካቲት 18

ታናሽ ወንድሜ መጣ። ዕድሜውን ሙሉ ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ሲያወጣና ሲያስገባ የኖረ ሰው ነው። ሰፈሩ "ዳኛው" ይለዋል፤ እሱም ተቃውሞ አያውቅም። ቅጹን መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ አነበበና፦

"ነገሩ ቀላል ነው። እያወቅክ ካልጠገንክ፣ ወይም ካላስጠነቀቅካት፣ ተጠያቂው አንተ ነህ። ሕክምናዋ፣ ሥራ የፈታችበት፣ ሁሉም ባንተ ላይ ነው። ካላወቅክ ግን ድንገተኛ አደጋ ነው። እግዜር ይማርሽ ብለህ ትገላገላለህ።"

"አውቅ ነበር እኮ።"

"ማወቅህን ማን ያውቃል?"

"ደብተሬ።"

ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አየና ሳቁን ተወው። "አንተ ሰውዬ! ቤትህ ውስጥ ምድጃ የለም እንዴ?"

ምክሩን ሰጥቶ፣ ሾርባዬን ጨርሶ ሄደ።

የካቲት 20

በእርሳስ "አይ" ላይ ምልክት አደረግኩ። ቀለል አድርጌ። ለሙከራ ያህል... ቢፈለግ ይጠፋል ብዬ። ከዚያ ተቀምጬ አየሁት። አጠፋሁት። ወረቀቱ ግን ትንሽ ተላጠ።

ደብተሬን ወደ ኋላ ገለጥኩ። የካቲት 4። የካቲት 6። የካቲት 9። ሦስት ጊዜ! በገዛ እጄ!

ታዲያ ለምን አልሠራሁትም? ሰነፍ አይደለሁም። ሰነፍ ሰው አንሶላ አያጥፍም። ያሰብኩትን ልጻፈው፦ ሠላሳ አንድ ዓመት የኔ ሥራ መጻፍ ነበር። ጠዋት "ፍሬን ይጮኻል" ብዬ እጽፋለሁ፣ ስመለስ ጋራዡ ሠርቶት ይጠብቀኛል። መዝገብ ላይ ከሰፈረ ከኔ ጫንቃ ወረደ ማለት ነው። እዚህ ቤት ግን ጋራዡ ማን ነው? እኔው! ሳንቃውን ጻፍኩት፣ ደብተሩን ከደንኩት፣ የተሠራ ይመስል እፎይ አልኩ። ሦስቴም እፎይ አልኩ።

በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ተሳፋሪ ከአውቶቡሴ ወድቆ አያውቅም። ከሰው ጋር ስጫወት የምኮራው በዚች ብቻ ነበር።

የካቲት 22

ልጄ ደወለች። "አባዬ፣ ቅጹ ቆየ። ዘጠነኛው ጥያቄ ነው አይደል?" ይቺ ልጅ እናቷን ነው የወጣችው፣ አንድ ነገር አያመልጣትም።

"ታውቅ ነበር?"

"መስመሩ ይቆራረጣል" አልኳት።

መስመሩ ምንም አልሆነም ነበር።

የካቲት 24

ለልብስ ሰፊዋ ደወልኩ። እንዴት ነሽ ለማለት ያህል ብቻ... ራሴን እንዲህ ብዬ ነው ያታለልኩት።

"ደህና ነኝ ጋሼ። ጀሶው ያሳክከኛል። ሱቄን ዘግቻለሁ።" ሳቅ አለች። "እህቴ እኛ ቤት ገብታለች። ገበያ ልውጣ ስል ‘ቁጭ በይ፣ የቀረውን ልትሰብሪው ነው?’ ትለኛለች። ምን ላድርግ፣ እውነቷን ነው። አሁን እኔም ራሴን አላምነውም። ደረጃ ስወርድ ግድግዳ ይዤ ነው። ብቻዬን ካልሄድኩ ብዬ ድርቅ ያልኩት እኔ አይደለሁ?"

 እኔ እኮ የሰበርኩት እጇን ብቻ መስሎኝ ነበር።

"ስሚኝ" አልኩ። "አንቺ አልዘነጋሽም። መጽሐፉ ብብትሽ ሥር ነበር። ሳንቃው ነው ልቅ የነበረው። ከመምጣትሽ በፊት አውቅ ነበር። ልነግርሽ ይገባኝ ነበር፣ አልነገርኩሽም።"

ከወዲያ በር ሲዘጋ ተሰማኝ። 

"ሐኪሙን ጥፋቱ የኔ ነው ስለው አጠገቤ ነበርክ።"

"ነበርኩ።"

"እህቴ ይቅርታ ስትጠይቅህ ሰምተሃል።"

"ሰምቻለሁ።"

"አሥራ ሁለት ቀን! እኔ አሥራ ሁለት ቀን ራሴን ስረግም፣ አንተ እዚያ ቁጭ ብለህ ሻይህን ትጠጣለህ!"

ዘጋችው።

"እርስዎ"ም ቀረ፣ "ጋሼ"ም ቀረ። ይገባኛል። ጆሮዬ እስኪግል አፈርኩ። ቅጹን አወጣሁ። አዎ። በእስክሪብቶ፣ ሳጥኑ እስኪጠቁር ድረስ።

የካቲት 25

የሦስቱን ቀን ገጾች ፎቶ አንስቼ ከቅጹ ጋር ላክሁ። ለልጄም ላክሁላት። መልሷ፦ "አባዬ፣ የእጅ ጽሑፍህ ግን ያስጠላል።" ትንሽ ቆየችና ደግሞ፦ "ኮርቼብሃለሁ።"

ዳኛው በስልክ ጮኸብኝ። "አሁን የትኛው ጠበቃ ነው የሚያድንህ?" ሾርባ አለ አልኩት። አልመጣም። ሾርባ እምቢ ሲል ይሄ የመጀመሪያው ነው።

የካቲት 28

ለልብስ ሰፊዋ የይቅርታ ደብዳቤ ልጽፍ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ረዘመ፣ ስለ ጡረታዬ ሁሉ ገባበት። ማን ጠየቀኝ? ሁለተኛው የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ መሰለ። ሦስተኛው ሁለት መስመር ሆነ፦ "ጥፋቱ የኔ ነው። ይህን ደብዳቤ ለእህትሽና ለባለቤትሽ አሳዪልኝ።" የደብተሩን ገጾች ቅጂ ጨምሬ ፖስታ ቤት ሰጠሁ።

መጋቢት 6

መልስ የለም። የቧንቧው ሠራተኛ እንኳ መጣ።

መጋቢት 15

የድርጅቱ ውሳኔ ደረሰ። ቤቱ ለሦስት ወር አይከራይም፤ ከዚያም ባለሙያ መርምሮ ሲያሳልፈው ነው። ሕክምናዋና እጇ እስኪድን የሱቋ ኪሳራ በኔ ላይ። ትክክል ነው። ከጡረታ አበሌ ጋር ግን ሊግባቡ አልቻሉም።

ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ ወደ ሥራ። የተማሪዎች አውቶቡስ፣ ጠዋትና ከሰዓት። ዓይኔን መረመሩኝ፣ አለፍኩ። በስልሳ አራት ዓመቴ! ልጄ "ላግዝህ" አለች። ደረጃው የማነው? እኔ እከፍላለሁ አልኳት።

መጋቢት 22

አርባ ተማሪ። አርባውም የሚያወራው በአንድ ጊዜ ነው። ጆሮዬ እስካሁን ይጮኻል።

የዛሬ ጉድለት፦ የኋላው በር እየጎተተ ነው የሚዘጋው። ጻፍኩት። ከዚያ ራሴ ጋራዥ ወስጄው፣ መካኒኩ ራስ ላይ ቆሜ አሠራሁት። "ምነው አባባ፣ አያምኑኝም?" አለኝ። "የማላምነው ራሴን ነው" አልኩት። ሳቀ። ቀልድ መስሎታል።

ሚያዝያ 28

የልብስ ሰፊዋ ባል ደወለ! ሊሰድበኝ ነው ብዬ ከወንበሬ ተነስቼ ቆምኩ።

"ደብተሩን አነበብኩት" አለ። "የሷ ዝንጉነት ነው እያልኩ ስንት ነገር ተናገርኳት መሰለዎት..."

 እሱም ጉሮሮውን ጠረገ፣ እኔም ጠረግኩ።

"ጀሶው ወጥቷል። ማሽኑ ላይ ተቀምጣለች፣ ቀስ እያለች ነው" አለ። "በእርስዎ ግን እንደተናደደች ናት።"

"ልክ ናት" አልኩ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም ቆሜ ነበር።

ሰኔ 5

ከሰዓት፣ የመጨረሻዋን ተማሪ አውርጄ አውቶቡሱን ሳቆም ስልኬ ጮኸ። ፎቶ ነው። የአውቶቡስ መስኮት፣ ከመስኮቱ ማዶ የማላውቀው ተራራ፣ ከጥግ ደግሞ ጉልበቷ ላይ ያረፈ ቀኝ እጅ። አንጓው ጠመም ብሏል። ረጅም ጊዜ አየሁት። እንዲህ ሆኖ ነው የሚቀረው።

ከሥሩ ጽፋለች፦

"ጋሼ፣ ብቻዬን ነኝ። እህቴ አኩርፋለች። ባሌ መናኸሪያ ድረስ ሸኝቶኝ፣ ሻንጣዬን ሰጥቶኝ፣ ተመለሰ። እስካሁን ማንም አልደወለልኝም! ወደ እርስዎ ቤት ግን አይደለም የምሄደው፣ እንዳይጓጉ።"

ሦስቴ አነበብኩት። ሳቄ መጣ፣ እንባዬም መጣ፣ ባዶው አውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን እንደ እብድ። እንኳን አላየኝ ዳኛው።

"መልካም መንገድ" ብዬ ጻፍኩላት። ላክሁት። አልበቃኝም፤ ደግሜ ላክሁት።