መንገድ ማዶ ያለው ቤት

ሶላንጅ የኔ ቆንጆ፣

ካርዱ ላይ ያለው አደባባይ እንዳያታልልሽ፤ ብራስልስ ከገባሁ ጀምሮ የምውለው አክስቴ ጊስሌን ጋ፣ አረጋውያን ማረፊያ ነው። የመርሳት በሽታ የባሏን የዋነስን ፈረንሳይኛ ጠራርጎ ወሰደው፤ የቀረው የልጅነት ቋንቋው ፍሌሚሽ ብቻ ነው። ማረፊያውን የሚያስተዳድሩት የፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ስለሆኑ የሚያናግረው ሰው ጠፋ፤ መንገድ ማዶ ወዳለው የፍሌሚሾቹ ቤት አዛወሩት። እኛ ከተማ ናሙር ግን ሽማግሌው ሁሉ አንድ ጣሪያ ስር፣ በአንድ ቋንቋ ነው የሚነጫነጨው።

አክስቴ ዕድሜዋን ሙሉ «ያንን የገበሬ ቋንቋህን ለራስህ!» እያለች ስትቀልድበት ኖራ፣ ትናንት «በርዶሃል ወይ የሚለውን አስተምሪኝ» አለችኝ። ለሥራ ብዬ ከለቃቀምኳት ፍሌሚሽ አስጠናኋት። ተሻግረን ገባንና ብርድ ልብሱን እያስተካከለች ጠየቀችው።

ዋነስ ፈገግ ብሎ በፍሌሚሽ መለሰላት፦ «ደህና ነኝ ሲስተር። ባለቤቴ ስትመጣ ግን አደራ፣ በፈረንሳይኛ ያናግሯት። የኛን ቋንቋ አታውቅም።»

«ምን አለ?» አለችኝ፣ ዓይኗ እየበራ።

«ሞቆኛል ነው የሚለው» አልኳት።

ቦታ አለቀብኝ። ፍሌሚሹን ባልሽን ዊምን ሳሚልኝ፤ ቋንቋውንም ዛሬ ነገ ሳትይ ተማሪለት።

ያንቺው ኦዲል