የእህቴን ልጅ ወንድ ስላደረጋት ግራጫ ሣጥን

ለተከበሩ የጤና ባለሙያዎች ፈቃድ ቢሮ ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የተመቸ፣ ኢንተርኔትዎም የማይቆራረጥ ይሁንልዎ። እኔ ራሴን በራሴ ያስተማርኩ አናጺ ነኝ፤ ዛሬ የምጽፍልዎ ግን እንደ አጎት ነው። የእህቴ ልጅ በአዋላጅ ነርስነት ተመርቃ፣ ሰኞ ሥራ እንድትጀምር ሆስፒታል ተቀብሏታል፤ እስከዚያ የቢሮዎን ፈቃድ ካላቀረበች ቦታው ለተጠባባቂዋ ይሰጣል። ፈቃዱ የሚጠየቀው በድረ ገጽዎ ላይ ባለው አዲስ ቅጽ ስለሆነ አብረን ቁጭ ብለን ከፈትነው፤ ምስጋናዬም ከዚሁ ይጀምራል።

አንደኛ፣ ቅጹ ስሟን፣ የትውልድ ቀኗንና ጾታዋን ከመዝገብዎ አውጥቶ፣ ራሱ ሞልቶ ስለጠበቀን እናመሰግናለን። ጾታ በሚለው ሣጥን ውስጥ «ወንድ» ይላል። ቤተሰቡ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ያልደረሰበትን ነገር ቢሮዎ ስለደረሰበት እናቷ እጇን በአፏ ጭናለች፤ ታናሽ እህቷማ ከዚያን ቀን ጀምሮ «ወንድም ጋሼ» እያለች ነው የምትጠራት።

ሁለተኛ፣ ይህ ሣጥን ከሚጻፍባቸው ሣጥኖች ጋር በጠርዙም በስፋቱም አንድ ስለሆነ፣ ልጅቷ ልታርመው ግማሽ ቀን ስትጫነው ዋለች፤ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ! ለካስ ግራጫ መሆኑ «አንብብ እንጂ አትንካ» ማለት ኖሯል። በእኛ ሙያ እጀታ ያለው ነገር ይከፈታል፤ በማይከፈት ነገር ላይ እጀታ አንገጥምም። የሚነበበውን ያለ ሣጥን እንዲሁ ቢጽፉት፣ ከጎኑም «ከተሳሳተ እዚህ ያሳውቁ» ቢሉበት ይበቃ ነበር፤ ግን እንዲህ ያለ ቀላል ነገር ለትልቅ ቢሮ ማቅረብ ድፍረት ይሆንብኛል።

ሦስተኛ፣ በአካል ስንመጣ በመስኮቱ የተቀመጠችው ሠራተኛ በትሕትና አስተናግዳናለች። ኮምፒዩተሯን ወደ እኛ አዙራ፣ ሣጥኑ ለእሷም ለአለቃዋም ግራጫ መሆኑን አስረዳችን። እንዲህ ያለ እኩልነት የትም አላየሁም።

አራተኛው የልቤ ምስጋና ነው። በቅጹ መጨረሻ «ከላይ የተጻፈው ሁሉ ትክክል መሆኑን አረጋግጣለሁ» የሚል ቃል አለ። ልጅቷ፣ ሥራዬን በሐሰት አልጀምርም ብላ እንቢ አለች። እኔ ደግሞ ጣቴ አያርፍምና ጽሑፉን ነካ ባደርገው፣ መጻፍ በሚቻልበት ቦታ ብቻ የምትታየው ቀጭን ዘንግ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ክፍት ነው! ስለዚህ በሁለት ጣቴ እየለቀምኩ እንዲህ አቃናሁት፦ «ከጾታው በቀር የተጻፈው ትክክል መሆኑን አረጋግጣለሁ፤ ቢሮውም ሴትነቷን ተቀብሎ ፈቃዷን እስከ ዓርብ ይሰጣል።» ቅጹ አመስግኖን፣ ቃሉን ከነማኅተምዎ አትሞ ሰጠን። ማኅተምዎ ያምራል።

ዓርብ ጠዋት ወረቀቱን ይዘን፣ እናቷ ጭምር፣ ከመስኮቱ ፊት እንቆማለን። «ቃሉ የእኔ አይደለም» ካሉ፣ ማኅተምዎ ማንም አላፊ አግዳሚ በሚጽፈው ነገር ላይ እንደሚያርፍ በአደባባይ መናገር ይኖርብዎታል፤ ከዚያ ይልቅ አንዲትን ሴት ሴት ማለት የሚቀል ይመስለኛል።

ግራጫውን በማንበብ፣ ነጩን በመሙላት ዘወትር የሚታዘዝዎ፣
አናጺው አጎት

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ከማኅተሙ በላይ ያለው የኃላፊው ስም የሰፈረበት ቦታም ክፍት ነው። እስካሁን የተጻፈው የእርስዎ ስም ነው፤ የእህቴ ልጅ እስከ ዓርብ እጄን እንድሰበስብ አስምላኛለች።