ስልሳ የሚለው ሰሌዳ፦ የመምህር የኋላሸት አምባቸው የሕይወት ታሪክ

መምህር የኋላሸት አምባቸው ከአባታቸው ከአቶ አምባቸው አራጋውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዓባይነሽ ታደለ፣ በለጋምቦ ወረዳ ከአቀስታ ወጣ ብላ ባለች መንደር በ1956 ዓ.ም. ተወለዱ። ይህን ጽፌ የማነብላችሁ ታላቅ ወንድማቸው ነኝ። እኔ ከአራተኛ ክፍል ወደ እርሻ ተመለስኩ፤ እሳቸው ቀጠሉ።

አንደኛ ደረጃን በአቀስታ፣ ሁለተኛ ደረጃን በመካነ ሰላም ተማሩ። በኤሌክትሪክ ሙያ ሠልጥነው ከ1980 ዓ.ም. ጀምሮ በመካነ ሰላም አስተማሩ። በ1984 ዓ.ም. ከወይዘሮ ብርሀንነሽ ጋር በቁርባን ተጋብተው መቅደላዊትንና ምስክርን ወለዱ። ተማሪ ያልሠራውን ነጥብ ሰጥተው አያውቁም፤ በዚህም ብዙ ወላጅ ተቀይሟቸዋል።

በ2016 ዓ.ም. ጡረታ እንደወጡ፣ መቅደላዊት ከጅዳ በላከችላቸው ዕቃ እዚህ መካነ ሰላም ዳር ላለው ሰፈራችን የውሃ ታንከር ቁጥር የሚያሳይ ሰሌዳ ሠሩ። ሴቶች ጄሪካን ተሸክመው ዳገቱን ከመውጣታቸው በፊት ውሃ መኖሩን ከታች እንዲያዩ ነው። ታንከሩ ውስጥ ያለው የውሃ መለኪያ፣ ሴንሰር የሚሉት፣ ታንከሩ ባዶ ሲሆን 180፣ ሙሉ ሲሆን 820 ይላል። ይህ ለገበሬ ምንም አይነግርም። ስለዚህ ቤዚክ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ጻፉለት፦ ከመጣው ቁጥር 180 ቀንስ፣ በ640 አካፍል፣ በመቶ አባዛ። ባዶው ዜሮ፣ ሙሉው መቶ ሆነ። ለእኔም ገባኝ።

በ2017 ዓ.ም. በጋ እንግዶች የውሃውን ሥራ ሊጎበኙ ነው ተባለ። ሰሌዳው ዜሮ አጠገብ ነበር። የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ አሻግሬ ቁጥሩ ከዜሮ ሳይሆን ከስልሳ እንዲጀምር ጠየቁ። በመቶ ፈንታ በአርባ አባዝቶ ስልሳ መደመር ነው፤ ያኔ ባዶው ታንከር ስልሳ ይላል። ሥራው ቀላል ነው። መምህር እምቢ አሉ።

አቶ አሻግሬ ሰው ፊት እየሳቁ፣ «መምህር፣ ለልጆቻችን ነጥብ ነፍገው ኖሩ፤ ለታንከር እንኳ አይራሩም?» አሏቸው።

መምህርም «ጥም ማለፊያ ነጥብ የለውም» ብለዋቸው ሄዱ።

ኮሚቴው ሌላ ሰው አምጥቶ አስለወጠው። እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ በግ ታረደላቸው። ቁጥሩ ግን ወደ ልኩ አልተመለሰም። ከሥሩ «በመምህር የኋላሸት አምባቸው የተሠራ» የሚለው ጽሑፍም እንዳለ ቀረ። ስሜን አጥፉልኝ ብለው ቢመላለሱ፣ ለክብርዎ ነው ተባሉ። ይህን ስሰማ ምራቄን ተፋሁ።

በግንቦት የጎረቤታችን የወይዘሮ በዛች ባል ተዝካር ነበር። ወይዘሮ በዛች ሰሌዳው ስልሳ ሲል አይተው አህያ ወደ ምንጭ ሳይልኩ ቀሩ። ታንከሩ ደረቅ ነበር። የተጠራው ሰው እጁን የሚታጠብበት አጥቶ ተበተነ። ከዚያ ወዲህ በመካነ ሰላም ገበያ የማይታመን ወሬ «የየኋላሸት ስልሳ» ይባላል። ያስለወጡት ሰዎችም አብረው ይሉታል፤ አያፍሩም።

መምህር የጉበት ሕመም ያዛቸው። ደሴ ድረስ ሄደው ቢታከሙም አልዳኑም። አልጋ ላይ ሆነውም የሚያነሱት ሕመማቸውን ሳይሆን የጠፋ ስማቸውን ነበር። መጋቢት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በ62 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አንድ የልጅ ልጅ ትተዋል። መቅደላዊት ለቀብር አልደረሰችም።

ኮሚቴው «በቅንነት ያገለገሉን» የሚል የሐዘን መግለጫ እዚህ እንዳነብ ልኮልኛል። አላነበውም። ስልሳውን ያደረጉት እሳቸው አይደሉም። ይህን አስከሬናቸው ፊት የተናገርኩት ሰው ሁሉ እንዲሰማ ነው።

ስትመጡ በሰሌዳው ሥር አልፋችኋል። ዛሬም ስልሳ ይላል። ከቀብር ስትመለሱ የምትታጠቡበትን ውሃ ግን የቅሬያችን፣ የእድራችን፣ ሰዎች ከምንጭ በአህያ አምጥተውታል።

ባዶውን ባዶ፣ ሙሉውን ሙሉ አድርጎ የሚያይ አምላክ ነፍሳቸውን በቅዱሳኑ አጠገብ ያሳርፍ።