የአማቴ ሠላሳ አንድ ሰዎች

ጥቅምት 4
ከሥራ ስወጣ አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ስፌት ቤት ጎራ አልኩ። የደንበኞቹን ልክ የሚጽፉበት ደብተር አልቆለታል... ገጾቹን በክር ሰፍተዋቸዋል።
«በታብሌት ልሥራልዎት?»
ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ቢጠፋስ?»
«አይጠፋም።»
ምን አስቸኮለኝ?

ጥቅምት 9
ልኮቹ በታብሌት የሚመዘገቡበት ገጽ አለቀ። ስም፣ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ እጅጌ፣ ማስታወሻ። የጻፍኩበት የፕሮግራም ቋንቋ ከውጭ የመጣን ነገር በቀላሉ አያምንም። ልኮቹ እንዲቆዩ ወደ ጽሑፍ ለውጬ፣ በአንዲት በር አሳልፌ፣ ታብሌቱ ላይ ላለው የብራውዘሩ ማከማቻ ማስረከብ አለብኝ። ሲመለሱ ደግሞ በሩ ላይ ፍተሻ... ቁጥሩ ቁጥር ነው? የጎደለ አለ? ካለ ማንም አይገባም።
ለአማቴ ላስረዳ ሞከርኩ። «ጽሑፉ ጄሰን ይባላል።»
«ጄሰን ደግሞ ማነው? ባልሽ ያውቀዋል?»
ባሌ ሳቁ አምልጦት ወደ ውጭ ሮጠ።

ጥቅምት 20
ሠላሳ አንድ ሰው አስገብተዋል። በአንድ ጣት! ደብተሩን ጣሉት። ክው አልኩ።
«አይጠፋም ብለሽ የለ?»

ጥቅምት 26
«የዳሌ ልክ ረሳሽ» ብለውኝ ነበር። በምሳ ሰዓት ጨመርኩ። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ጥቅምት 27
ስብሰባ ላይ ሳለሁ ደወሉ።
«ልጄ፣ ሰዎቼ የሉም።»
ድምፃቸው ዝቅ ያለ... የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ለቅዳሜ ነው። ጨርቁ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፣ ሙሽራዋ ሌላ ከተማ ናት።
ወዲያው ገባኝ። ፍተሻው አሁን ዳሌ ይጠይቃል፣ የቀድሞዎቹ ዳሌ የላቸውም። ሁሉንም ከበር መለሳቸው። ማከማቻው ውስጥ ግን አሉ። አንድ አዲስ ሰው ከተመዘገበ ግን በላያቸው ላይ ይጻፋል!
«ምንም አልነኩም?»
«ባዶውን ምን ልንካ?»
«እንዳይነኩት! መጣሁ።»
ለአለቃዬ ምን ብዬ እንደወጣሁ እንጃ።
ስደርስ ታብሌቱን ነጠላ ጨርቅ አልብሰው ወንበር ላይ አስቀምጠውታል። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከላፕቶፔ ጋር አገናኝቼ መጀመሪያ ጽሑፉን ገለበጥኩ። ሠላሳው ደንበኞች ናቸው። ሠላሳ አንደኛው ላይ የጻፉት ማስታወሻ...
«ምራቴ። ትከሻዋ ጠባብ። ሲጠብባት አትናገርም፣ ሁለት ጣት ትርፍ።»
መቼ ለኩኝ? ስክሪኑ ብዥ አለብኝ።
ከዚያ ፍተሻውን አስተካከልኩ፦ ዳሌ ካለ ይግባ፣ ከሌለም «ገና አልተለካም» ተብሎ ይግባ። ገጹን ከፈትኩት። ሁሉም አሉ!
አማቴ ስሞቹን እየጠሩ አነበቡ፣ ከመንገድ የመጣ ዘመድ የሚቀበሉ ይመስል። የመጨረሻውን ሳያነቡ መቀሳቸውን አነሡ።
«በይ ጨርቁን ያዥልኝ።»

ጥቅምት 30
ቀሚሱ ሄደ። ልክክ ብሏል አሉ። አሁን ጽሑፉን በየሳምንቱ ገልብጬ ሌላ ቦታ አስቀምጣለሁ። «አይጠፋም» የሚለውን ቃል ትቻለሁ።

ኅዳር 7
ጠዋት ስፌት ቤት። የዳሌ ልክ የሌላቸውን እየጠራን እንሞላለን። ሥራው ቀዝቀዝ ሲል፣
«እርስዎ ግን የሉበትም» አልኩ።
«እኔን ማን ይለካኛል? ለራሴ በግምት ነው የምሰፋው።»
ሜትሩን ከአንገታቸው ላይ አወረድኩ። አልከለከሉኝም። እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ... እንደ ተማሪ ቀጥ ብለው።
«ትንፋሽዎን አይያዙ እንጂ!»
«አንቺ ደግሞ አትኮርኩሪኝ!»
ከሚገምቱት በብዙ ቀጥነዋል። ቀሚሳቸው ለካ እንዲሁ ሰፊ አልነበረም። ቁጥሩን ሳሳያቸው የቀሚሳቸውን ትርፍ በጣታቸው ሰብሰብ አደረጉ።
«አርጅቻለሁ ማለት ነው?»
«ቀሚሱ ይጥበብ ማለት ነው። እኔ አጠብልዎታለሁ።»
ክር እንኳ መርፌ ውስጥ ማስገባት አልችል! እሳቸውም ያውቃሉ።
የስፌት መኪናው ፊት ያለውን ወንበራቸውን ሳቡልኝ። ባሌ እንኳ ተቀምጦበት አያውቅም።
«ተቀመጪ» አሉኝ።